ባሕር የሌላት አገር ኮራል



ይህን መድረክ ያሰናዱት የሰፈራችን የልደታ ማርያም መምህራን ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ እንድናገር ሲጋብዙኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ተዉልኝ። ስለ ኮራል እናገራለሁ ስላቸው ለአፍታ ዝም አሉ። ቀጥሎም አንደኛዋ መምህርት፣ «ባሕር ሳይኖረን?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ለእርሷ የምሰጠው መልስ ነው።

መልሴን ሳላስጠብቃችሁ ልናገር። ኢትዮጵያ ኮራል አላት። በአፋር፣ በደናክል ረባዳ ምድር ዳርቻ፣ በዚያ ሰውም ግመልም በሚነድድበት በረሃ፣ በጥንት ባሕር ውስጥ ያደገ ኮራል ዛሬም ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ሞቷል፤ ግን ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሁለት ኮራሎች ነው፤ ስለ ሞተው የእኛ ኮራልና ከእኛ ሳይርቅ በቀይ ባሕር ውስጥ ስላለው ሕያው ኮራል። የመጀመሪያውን ካወቅን ስለ ሁለተኛው አያገባንም ማለት እንደማንችል ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ኮራል ራሱ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ድንጋይ ይመስለዋል። ሌላው የባሕር ተክል ነው ይላል። ዐረቦች መርጃን የሚሉትን ቀይ ጨሌ ያየ ደግሞ ጌጥ ነው ይላል። ኮራል ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ፣ ልስልስ ያለ እንስሳ፤ አብዛኛው ከአተር ፍሬ አይበልጥም። አፉን ከብበው የሚንቀሳቀሱ ጣት መሰል ክንዶች አሉት፤ በእነርሱ በውኃው ውስጥ የሚያልፈውን ደቃቅ ምግብ ይይዛል። ከባሕሩ ውኃ የኖራ ንጥረ ነገር እየወሰደ ከሥሩ ድንጋይ ያበጃል። በአሮጌው ላይ አዲሱ፣ በአባቶች ቤት ላይ የልጆች ቤት እየተደረበ በሺህ ዓመታት ውስጥ መርከብ የሚያቆም ግንብ ይሆናል። መርከበኞች ሪፍ የሚሉት እርሱን ነው።

በፖሊፑ ሰውነት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ እንግዶች አሉ። ዋቅላሚ ወይም አልጌ የምንላቸው ናቸው። እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበጃሉ፤ ካበጁትም አብዛኛውን ለቤቱ ባለቤት ይሰጣሉ። ኮራሉ በበኩሉ ያስጠጋቸዋል። ያ በፊልም የምናየው ያማረ ቀለምም በአብዛኛው የእነርሱ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ኮራል ሞት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የኮራል ሪፍ ከዓለም ውቅያኖስ ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሸፍንም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች አንድ አራተኛ ያህሉ ከዕድሜያቸው ቢያንስ የተወሰነውን እዚያ ያሳልፋሉ፤ ይዋለዱበታል፣ ይደበቁበታል፣ ይመገቡበታል። በጠባብ ግቢ ይህን ያህል ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፈር በምድር ላይ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ለሁለተኛው ነጥቤ ወደ አፋር እንውረድ። እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እቆያለሁ፤ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና።

ከመቀሌ ተነሥቶ በአጉላ በኩል ወደ በረሃሌ፣ ከዚያም ወደ ሐመድ ኢላ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከደጋ ወደ እሳት ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው ነጭ የጨው ሜዳ ነው። አፋሮችና የትግራይ ሰዎች ጨውን ከመሬት እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ፣ በግመልና በአህያ እየጫኑ ለዘመናት ሲያመላልሱ የኖሩበት ሜዳ ነው። አሞሌ የምንለው፣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው ከዚያ ነው የመጣው። ሁላችንም ጨው እንዳለ እናውቃለን። ያ ጨው ግን ባሕር እንደነበረ ይመሰክራል። ባሕር ከነበረ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ነበረ።

ዳርቻው አሁንም አለ። የጨው ሜዳውን በሚያዋስኑት ኮረብታዎች ግርጌ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ድንጋይ የሚመስል እርከን ይታያል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ድንጋዩ ተራ አይደለም። ከፊሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሏል፤ ከፊሉ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ ተሞልቷል፤ ሌላው እንደ ትልቅ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። በመካከሉ የባሕር ቀንድ አውጣና የሁለት ክዳን ዛጎል ታገኛላችሁ። እኔ መጀመሪያ በዚያ የቆምኩ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ እግሬ ግን በባሕር ወለል ላይ ነበር። ያንን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንዴት ሆኖ እዚያ ደረሰ? ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር በሁለት የበረዶ ዘመናት መካከል የሞቀ ጊዜ ነበራት። የዋልታዎቹ በረዶ ቀልጦ የባሕሩ ጠለል ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ቀይ ባሕር በሰሜን፣ በኤርትራው ዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ሰርጎ ገብቶ የደናክልን ረባዳ ሞላው። ዛሬ የኢትዮጵያ በሆነው መሬት ላይ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ተንጣለለ፤ በዳርቻውም ኮራል በቀለ። ከዚህ ሪፍ በፊት የነበረ የሌላ ሪፍ ቅሪትም ተገኝቷል፤ ስለዚህ ባሕሩ ወደ ደናክል የገባው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ዕድሜው በምን ታወቀ የምትሉ ልጆች አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ኮራል ቤቱን ሲሠራ ከባሕሩ ውኃ ጥቂት ዩራኒየም አብሮ ያስገባል። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት እየፈረሰ ወደ ቶሪየም ይለወጣል። የሁለቱን መጠን ያነጻጸረ ሰው ድንጋዩ ስንት ዓመት እንደቆየ ማስላት ይችላል። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚዬፍ የመራው የፈረንሳይና የጣልያን ጓድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በአፋር በተዘዋወረበት ዘመን ከደናክል የተሰበሰበ ኮራል በዚህ መንገድ ተለክቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የበረዶው ዘመን ተመለሰ፤ የባሕሩ ጠለል ወረደ፤ በሰሜን ያለው በር ተዘጋ። ውኃው ከእናቱ ከቀይ ባሕር ተለይቶ በደናክል ፀሐይ ሥር ብቻውን ቀረ። በየዓመቱ የሚተንነው ከሚገባው በለጠ። ተራው የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር 40 ገደማ ይደርሳል፤ የቀይ ባሕር ኮራልም ይህንኑ ለምዶታል። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ግን ኮራል አይችልም። ሞተ። እናቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እሳት ላይ የተረሳ ወጥ ውኃው እያለቀ ሲሄድ ጨውነቱ እንደሚበረታው ማለት ነው። ባሕር ሲደርቅ መጀመሪያ የሚረጋው ኖራ ነው፤ ቀጥሎ ግንበኞች ጀሶ የሚሉት ጂፕሰም፤ ቀጥሎ ጨው፤ መጨረሻ ላይ ፖታሽ። በደናክል አራቱም አሉ። ጀሶው ከኮራሉ ላይ ተነጥፏል፤ በሜዳው መሐል ጨው ተከምሯል፤ በዳሎል ዙሪያ ደግሞ ኩባንያዎች ለማዳበሪያ የሚፈልጉት ፖታሽ አለ። የአንድ ባሕር የሞት ታሪክ ከገጽ እስከ ገጽ በተራ ተጽፎ ተቀምጧል።

በዚያ ዘመን ባሕሩን ያየ ሰው ነበር? ነበር። በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር አብዱር በሚባል ስፍራ በዚያው ዘመን በነበረ የኮራል ሪፍ ውስጥ የሰው እጅ የጠረባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዓለም ይፋ ሆነ። ቅሪተ አካሎቹን ሉሲንና ሰላምን ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃለን። በኮራል ዳር ቆመው የባሕር ምግብ ይለቅሙ ስለነበሩት ሰዎች ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ከዚህም በዘመን እጅግ የራቀ ባሕር አለን፤ እርሱን በአጭሩ ላንሣና ልለፍ። ወደ ጎጃም ስትሄዱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይን የምትሻገሩበት ሸለቆ ነጣ ያሉ የድንጋይ ድርድሮች አሉት። እነርሱ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ባሕር ያስቀራቸው የኖራ ድንጋዮች ናቸው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው ወገናቸው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመቅደላ ዘመቻ የመጣው ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። በእርሱም ውስጥ ኮራል አለ። የሙገር ፋብሪካ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚህ ዓይነቱ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የልደታን ኮንዶሚኒየም ቀና ብላችሁ እዩት። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ልስኑ ጀሶ፣ ወጥ ቤቱ ጨው። ባሕር የለንም ስንል የኖርነው በባሕር በተሠራ ቤት ውስጥ ሆነን ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ሕያው ኮራል ነው።

በዚህ አዳራሽ ምፅዋን ወይም አሰብን ያየ ሰው አለ? እጃችሁን እስቲ አንሡልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በባሕር ኃይል ያገለገላችሁ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምፅዋ የድሮ ቤቶች ከምን እንደተሠሩ ታስታውሳላችሁ፤ ከኮራል ድንጋይ ነው። በፊት ለፊቷ የተዘረጉት የዳህላክ ደሴቶች በሕያው ኮራል የተከበቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 የእስራኤል ተመራማሪዎች እንተዴብር በምትባለው የዳህላክ ደሴት ሰፍረው የባሕሩን ፍጥረት ዘርዝረዋል። ከእነርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ጀርመናውያኑ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሄምፕሪክና ኤረንበርግ መጥተው ነበር። ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ላይ በወጣትነቱ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ አገሩ ገብቶ የቀይ ባሕርን ኮራሎች ሲጽፍ አንዱን በጓደኛው ስም ጠራው፤ አክሮፖራ ሄምፕሪኪ ይባላል። ያ ኮራል ዛሬም በቀይ ባሕር ይኖራል።

በቀይ ባሕር ከ300 የሚበልጡ የድንጋያማ ኮራል ዝርያዎች አሉ። ይህ ሁሉ ዝርያ ለምን ያስፈልጋል? ገበሬዎቻችን መልሱን ያውቁታል። በሰሜን ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ ዝናቡ ቢበዛ አንዱ፣ ቢያንስ ሌላው ይተርፋልና። ኮራልም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፋሙ ቶሎ ያድጋል፤ ማዕበልና ሙቀት ግን ቶሎ ይሰብረዋል። ድፎ ዳቦ የሚመስለው በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢያድግ ነው፤ ነገር ግን ይችላል፣ ይቆያል። እንደ ሰሐን የተዘረጋው ብርሃን በሚያንስበት ጥልቀት ይኖራል። አንዱ በሌላው አይተካም። አገራችን የሰብል ዘር ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የአንድ ዓይነት ዘር መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት ነው። የኮራል ዘር ሲጠፋም ሒሳቡ ያው ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ፤ ወደ እንግዶቹ አልጌዎች።

የባሕሩ ውኃ ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ስምምነቱ ይፈርሳል። ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። ቀለሙ ይጠፋል፤ ነጭ አጥንቱ ይታያል፤ ነጣ እንላለን። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ራበው ማለት ነው። ውኃው ቶሎ ከበረደ ይድናል። ሙቀቱ ከዘለቀ ይሞታል። ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ታይቷል፤ አራተኛው መጀመሩ ደግሞ በሚያዝያ 2024 ይፋ ተደርጓል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከ2009 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ብቻ ዓለም ከሕያው ኮራሏ ከመቶ 14 ያህሉን አጥታለች።

አንድ ሰው ተነሥቶ ሊሞግተኝ ይችላል። «የደናክል ኮራል ያደገው ምድር በሞቀችበት ዘመን ነው ብለሃል፤ ታዲያ ሙቀት ለኮራል ምን ክፉ አለው?» ጥሩ ሙግት ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። የዚያን ጊዜው ሙቀት በሺህ ዓመታት የመጣ ነው፤ ኮራል ለመሰደድም ለመልመድም ጊዜ ነበረው። የዛሬው በአንድ አያት ዕድሜ ውስጥ መጣ። ሰው በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ጭስ አመጣው።

በዚህ መካከል ቀይ ባሕር ተስፋ ይዟል። በሰሜኑ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ኮራሎች ሌሎች የሚነጡበትን ሙቀት ተቋቁመው ታይተዋል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን እንዲህ ይገምቱታል፤ ከበረዶው ዘመን በኋላ ኮራል ወደ ቀይ ባሕር የተመለሰው በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፤ የደቡቡ ውኃ እጅግ ሞቃት በመሆኑ እንደ ወንፊት ሆኖ ሙቀት የሚችለውን ብቻ አሳለፈ። የእነዚያ ልጆች ናቸው ዛሬ በቀዝቃዛው ሰሜን የሚኖሩት። እኔ ስለ እነርሱ ሳስብ የሚመጣብኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያኖቻችን ደን ነው። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ፣ ታርሶ፣ በቅጥሩ ውስጥ ግን ጥዱና ወይራው ይቆማል። አንድ ቀን ኮረብታው ይልበስ ከተባለ ዘሩ የሚመጣው ከዚያ ቅጥር ነው። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራልም እንዲህ ያለ ቅጥር ያስፈልገዋል።

ሙቀት የሚችል ኮራል ግን ቆሻሻ አይችልም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ በሚሳይል ተመትታ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደያዘች በደቡብ ቀይ ባሕር ሰጠመች። ማዳበሪያ ለእርሻ በረከት ነው፤ ለባሕር ግን ምን እንደሚያደርግ ጣናን ያየ ያውቃል። ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና አፈር እምቦጭን ሲመግብ ዓይናችን አይቷል። በሪፍ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ትርፍ ምግብ ሲያገኝ በኮራሉ ላይ የሚበቅለው የባሕር አረም ያይልና ብርሃኑን ይጋርደዋል። አረሙን የሚግጡት ዓሦች በመረብ ካለቁ ደግሞ ኮራሉ ጠባቂ የለውም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ፣ እኛን ምን አገባን የሚለው ነው።

ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ኮራል አለ። የኛን ስንዴ፣ የኛን ነዳጅ፣ የኛን ማዳበሪያ የያዘ መርከብ በእርሱ አጠገብ መልሕቁን ይጥላል። መርከብ ያላት፣ በወደቡ ትልቋ ደንበኛ የሆነች አገር ስለ መልሕቅ ቦታና ስለ ዘይት ፍሳሽ ቃል ሊኖራት ይገባል ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባ ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል፤ ከዚያ በስተደቡብ የባጁኒ ደሴቶች ኮራል አለ። በባሌ ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ የሚያተርፈው አፈር ወደዚያ ባሕር የማይሄድ አፈር ነው። ደለል ኮራልን ያፍናልና።

ከሁሉ በፊት ግን የራሳችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት ከመላው ዓለም የመጀመሪያዎቹን 100 የጂኦሎጂ ቅርሶች ሲመርጥ የደናክል ስምጥ ከነእሳተ ገሞራዎቹ ተካቷል። ጎብኚው ኤርታ አሌን ሊያይ ይሄዳል፤ የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ፎቶ ያነሣል፤ በኮራሉ አጠገብ ግን ሳያየው ያልፋል። ፖታሹን ማውጣት አገር ይጠቅማል፤ አልቃወምም። ነገር ግን መንገድ ሲቀደድና ጠጠር ሲፈጭ የትኛው ድንጋይ እንደማይነካ አስቀድሞ በካርታ ላይ መሰመር አለበት። ለአፋር አስጎብኚ ወጣቶች ስለ ኮራሉ የሚናገሩት ዕውቀት ይሰጣቸው፤ ከዚያም ገቢ ያግኙበት፤ ከእነርሱ የተሻለ ጠባቂ አይገኝም። መምህራን፣ የጂኦግራፊ ትምህርታችሁ ስለ አውስትራሊያው ታላቅ ሪፍ ሲያወራ የደናክሉንም አብራችሁ አንሡት።

ከእናንተ መካከል ትናንት፣ «አንድ ኮራል ይዘህልን ና» ያላችሁኝ ልጆች ነበራችሁ። እጄ ባዶ ነው። ይዤ ያልመጣሁት ረስቼው አይደለም። እያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ቢያነሣ ለልጆቻችሁ የሚቀር ዳርቻ አይኖርም። ስታድጉ ራሳችሁ ሂዱ። ከበረሃሌ አልፋችሁ ወደ ሐመድ ኢላ ስትቃረቡ መኪናውን አስቁሙና ውረዱ፤ እዩት፣ ዳስሱት፣ ፎቶ አንሡት፤ ድንጋዩን ግን እዚያው ተዉልኝ።